ትልቅ ፋይል እምቢ ሲል፣ ሰርቨሩም ሲሰወር፦ የመጠን ገደብንና ያረጁ ፕሮቶኮሎችን ለይቶ የማስተካከያ መመሪያ ለጅማ ቢሮዎች

ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ያሉ አነስተኛ ቢሮዎች የፋይል ሰርቨር የሚሉት ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ፎልደሩን ለሌሎች ያጋራ አንድ ዴስክቶፕ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ የያዘ ትንሽ የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን፣ ወይም ፍላሽ የተሰካበት ራውተር። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው፣ ቡና ላኪው፣ የግል ክሊኒኩና ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ይሠራሉ። የሚገጥማቸውም ችግር ተመሳሳይ ነው። ትንንሹ ፋይል ሁሉ ሲገባ አንድ ትልቅ ፋይል እምቢ ይላል፤ ወይም ትናንት ይታይ የነበረው ሰርቨር አዲስ በተገዛው ኮምፒውተር ላይ አይታይም።

በሁለቱም ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ኤስኤምቢ 1ን አብራው»። ኤስኤምቢ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚጋሩበት ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመነጋገሪያ ደንብ ነው፤ 1 የሚባለው የመጀመሪያውና ያረጀው ስሪት ነው። አንዳንድ ጊዜ ስለሚሠራ ምክሩ ከቢሮ ቢሮ ተዛምቷል። እኔ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። የፋይል መጠን ገደብና የፕሮቶኮል እርጅና ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ አንዱን ለማከም ሌላውን ማስነሳት የቢሮውን መረጃ በሙሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ በመጀመሪያ እምቢ ያለው ማን እንደሆነ ማወቅን ያስቀድማል፣ ከዚያ እሱን ብቻ ያስተካክላል። ሊቀየር የማይችል አሮጌ ማሽን ካለ ደግሞ መላውን ሰርቨር ወደ እሱ ደረጃ ከማውረድ ይልቅ ማሽኑን ለብቻው ማግለልን ያሳያል።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሰርቨሩን መረጃ በሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡና ዲስኩን ነቅላችሁ አስቀምጡ። ግልባጩ መሥራቱን ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ አረጋግጡ። ከታች ካሉት ሥራዎች ቢያንስ አንዱ ዲስክን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል፤ መብራት በመሃል ቢጠፋ ደግሞ ሌሎቹም ሊያጠፉ ይችላሉ። ሰርቨሩ ከዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው መሣሪያ) ጋር ካልተያያዘ ይህን ሥራ ዝናብና መብረቅ ባለበት ከሰዓት በኋላ አትጀምሩት። በጥር የሠርግ ወቅትም ሆነ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወሩን በምትዘጋበት ሳምንት ባትነኩት ይሻላል።

የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል እንዳላችሁም ቀድማችሁ አረጋግጡ። ማከማቻ ሳጥኑን የገጠመው ባለሙያ የይለፍ ቃሉን ይዞ አዲስ አበባ የሄደባቸው ቢሮዎች ጥቂት አይደሉም።

አንደኛ፦ ፋይሉ የቆመበትን ቁጥር ፈልጉ

የስህተት መልእክቱን አንብቡ፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። «ፋይሉ ለመድረሻው ፋይል ሲስተም በጣም ትልቅ ነው» የሚለው መልእክት እውነቱን ይናገራል። «በቂ ቦታ የለም» የሚለው ግን 500 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ባለበት ዲስክ ላይም ይወጣል። ከመልእክቱ ይልቅ ቁጥሩ ይታመናል፤ ስለዚህ መጠናቸውን የምታውቋቸው የሙከራ ፋይሎች አዘጋጁ።

ሰቨን ዚፕ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። ከ5 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ቪዲዮ በራሳችሁ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ አስቀምጡና በሰቨን ዚፕ የፋይል ማስተዳደሪያ መስኮት ምረጡት። «ፋይል» ከሚለው ዝርዝር «ስፕሊት ፋይል» የሚለውን ተጫኑና የሚቆረጥበትን መጠን በሜጋባይት ጻፉ፤ ከቁጥሩ ኋላ M የሚለውን ፊደል ጨምሩ፣ አለዚያ ቁጥሩ በባይት ይቆጠራል። አንዴ 2000፣ አንዴ 2100፣ አንዴ 4000፣ አንዴ 4200 እያላችሁ ደጋግሙ፤ ከእያንዳንዱ የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ አስቀሩ። እነዚህን አራት ፋይሎች ለየብቻ ወደ ሰርቨሩ ቅዱ።

4000 ገብቶ 4200 እምቢ ካለ ጥፋቱ በእርግጠኝነት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የዲስኩ ነው፤ የዲስኩ ፋይል ሲስተም፣ ማለትም ፋይሎችን የሚያደራጅበት ዘዴ፣ ፋት 32 ነው። ፋት 32 የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግብበት ቦታ 32 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ4,294,967,295 ባይት በላይ ሊጽፍ አይችልም። ይህ ለቪዲዮ ሰዎች ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስሉት፦ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ይህን መጠን 6 ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዙ የካሜራ ካርዶች ፋት 32 በመሆናቸው ካሜራው ራሱ ፋይሉን እየቆራረጠ ይመዘግባል። ተቀናብሮ የወጣው የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ግን አንድ ፋይል ነው፤ ችግሩም የሚፈነዳው ያኔ ነው።

2000 ገብቶ 2100 ከቀረ ደግሞ ወደ አሮጌ ፕሮግራም ወይም ወደ አሮጌ ፕሮቶኮል ተመልከቱ። ቁጥሩ 2,147,483,647 ባይት ነው፤ መጠንን ከዜሮ በታችም በላይም ሊሄድ በሚችል 32 ቢት ቁጥር የሚቆጥር ሶፍትዌር የሚደርስበት ጣሪያ ነው። በሊኑክስ በኩል ኤንኤፍኤስ የተባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል ሁለተኛው ስሪት እዚህ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሦስተኛው ስሪት መጠንን በ64 ቢት ስለሚቆጥር ይህ ችግር የለበትም። የድሮው የሊኑክስ ማገናኛ፣ ኤስኤምቢኤፍኤስ የሚባለው፣ ተመሳሳይ ጣሪያ ነበረው። ኤፍቲፒ በተባለው የቆየ የፋይል መላኪያ ፕሮቶኮል የሚሠሩ ዕድሜ ጠገብ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ኤፍቲፒ ራሱ የመጠን ገደብ የለውም፣ ገደቡ የፕሮግራሙ ነው።

ከዚህ በጣም ዝቅ ባለ መጠን የሚቆም ከሆነ ፋይሉ በድረ ገጽ መንገድ እየሄደ ሊሆን ይችላል። የዊንዶውስ የዌብዳቭ ማገናኛ (ፋይልን በድረ ገጽ መንገድ የሚያጋራው)፣ ማንም ካልቀየረው፣ 50,000,000 ባይት ላይ ይዘጋል፤ ከፍ ቢደረግም ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። በአሳሽ በኩል የሚጫን ከሆነ ገደቡን የሚጥለው ሰርቨሩ ላይ ያለው የድረ ገጽ ሶፍትዌር ነው፦ የኤንጂንኤክስ መነሻ ገደብ 1 ሜጋባይት፣ የፒኤችፒ ለአንድ ፋይል 2 ሜጋባይት፣ የማይክሮሶፍት አይአይኤስ 30,000,000 ባይት ነው። እነዚህ ሦስቱ በቅንብር ፋይል የሚስተካከሉ ናቸው። ማስታወስ ያለባችሁ፣ ፒኤችፒ ከኤንጂንኤክስ ጀርባ ከተቀመጠ ሁለቱንም ከፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነው። በፒኤችፒ ውስጥም የፋይሉና የጠቅላላው መልእክት ገደብ ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ የሁለተኛው መነሻ 8 ሜጋባይት ነው።

በእያንዳንዱ ሙከራ የተለያየ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነስ? ይህ የመጠን ገደብ አይደለም። ገመዱን፣ ስዊቹን፣ የገመድ አልባውን ምልክትና የመብራቱን ሁኔታ መርምሩ። ሁልጊዜ አንድ ተጠቃሚ ላይ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ደግሞ ለእሱ የተመደበለት የቦታ ኮታ መሙላቱን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፦ ዲስኩን አስተካክሉ

የዲስኩን ዓይነት ሰርቨሩ ራሱ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። በኔትወርክ በኩል ከሌላ ኮምፒውተር ማየት ያሳስታል። ሳምባ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም፣ በብዙ ማከማቻ ሳጥኖችና ራውተሮች ውስጥ ያለው እሱ ነው፣ ከጀርባው ያለው ዲስክ ምንም ይሁን ምን ለዊንዶውስ የሚናገረው «ኤንቲኤፍኤስ ነኝ» ብሎ ነው፤ ኤንቲኤፍኤስ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሲስተም ነው። ራውተሩ ላይ የተሰካው ፋት 32 ፍላሽ ከጠረጴዛችሁ ሲታይ ኤንቲኤፍኤስ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፍላሹን ነቅላችሁ ኮምፒውተር ላይ ሰኩት፤ በቀኝ ተጫኑት፤ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ፋይል ሲስተም» ከሚለው ጎን የተጻፈውን አንብቡ።

ፋት 32 ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ሁሉንም ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ዲስኩን እንደገና ፎርማት ማድረግ ነው፤ እኔ የምመርጠውም ይህን ነው። ሌላው የዊንዶውስ «ኮንቨርት» ትዕዛዝ ነው። ፋይሎቹን ሳያጠፋ ፋት 32ን ወደ ኤንቲኤፍኤስ ይቀይራል፤ በዚያው ትዕዛዝ ግን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። በሥራው መሃል መብራት ቢጠፋ ምን እንደሚከተል ለመገመት አያዳግትም፤ ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።

ወደ ምን እንቀይር የሚለው ጥያቄ ለጅማ የራሱ መልስ አለው። ብዙዎች ኤክስፋትን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ዊንዶውስም ማክም ይጽፉበታል፣ የፋይል መጠን ገደቡም በተግባር የማይደረስበት ነው። ከቢሮ ቢሮ ለሚዞር ወይም በአውቶቡስ አዲስ አበባ ለሚላክ ዲስክ እኔም እሱን እመክራለሁ። ለሰርቨር ግን አይሆንም። ኤክስፋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ምን ሊሠራ እንደሆነ የሚጽፍበት ጆርናል የለውም፤ በቅጂ መሃል መብራት ሲጠፋ የዲስኩ ማውጫ ሊበላሽ፣ ያልተነኩ ፎልደሮችም አብረው ሊሰወሩ ይችላሉ። ማን የትኛውን ፎልደር ይክፈት የሚለውን ፈቃድም አይይዝም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የሚሠራ ሰርቨር ዊንዶውስ ከሆነ ኤንቲኤፍኤስ፣ ሊኑክስ ከሆነ ኢኤክስቲ 4 ወይም ኤክስኤፍኤስ ይሁን። ጆርናሉ የሚጠብቀው የዲስኩን አደረጃጀት መሆኑን ግን አትርሱ፤ በዚያች ቅጽበት ሲጻፍ የነበረው ፋይል ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዩፒኤሱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«ሰርቨሩ በኢኤክስቲ 4 ከሆነ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮቻችን እንዴት ያነቡታል?» የሚል ስጋት ብዙ ጊዜ ይነሳል። በኔትወርክ ሲሆን ዲስኩን የሚያነበው ሰርቨሩ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ የሚነጋገረው ከሰርቨሩ ጋር እንጂ ከዲስኩ ጋር አይደለም። ማክ ኤንቲኤፍኤስ ዲስክ በቀጥታ ሲሰካበት ማንበብ እንጂ መጻፍ ባይችልም፣ ያው ዲስክ የዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሆኖ በኔትወርክ ሲደርሰው ያለ ችግር ይጽፍበታል።

ከ2 ቴራባይት የሚበልጥ ዲስክ ገዝታችሁ 2 ቴራባይቱ ብቻ ከታየ፣ ዲስኩ በድሮው ኤምቢአር አከፋፈል ስለተዘጋጀ ነው። ባዶ እያለ ወደ ጂፒቲ ለውጡት።

ቴሌቪዥን ላይ እንዲሠራ ተብሎ ፋት 32 ሆኖ መቆየት ያለበት ፍላሽ ካለ፣ ትልቁን ፋይል ለማጓጓዝ ያህል በሰቨን ዚፕ ቆራርጡት። ሰቨን ዚፕ ለዚሁ ሲባል የተዘጋጀ 4092 ሜጋባይት የሚል ምርጫ አለው። ቁራጮቹን መልሶ ማያያዝ የሚቻለው ግን ሌላ ዓይነት ፎርማት ባለው ዲስክ ላይ ነው።

ሦስተኛ፦ የስም ገደብን አትዝለሉ

በአማርኛ ስም የሚሰጡ ቢሮዎች ብቻ የሚያውቁት ገደብ አለ። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ፣ ቦታም እያለ፣ ማከማቻ ሳጥኑ «የፋይሉ ስም ረጅም ነው» ይላል፤ ያው ፋይል ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ላይ በሰላም ተቀምጦ ነበር። ምክንያቱ አቆጣጠሩ ነው። ኤንቲኤፍኤስ የስምን ርዝመት በፊደል ይቆጥራል፣ እስከ 255። ኢኤክስቲ 4 ደግሞ በባይት ይቆጥራል፣ እሱም እስከ 255። ሊኑክስ ስሞችን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ስሙ በሙሉ በግዕዝ ከሆነ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የሚፈቀደው 85 ፊደል ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ይህ ችግር አይገጥምም፤ በዚያው ቢሮ አንዱ ሠራተኛ ሲቸገር ሌላው የማይቸገረውም በዚህ ነው።

ማከማቻ ሳጥኑ ላይ የተመሰጠረ ፎልደር ከከፈታችሁ ይበልጥ ይጠብባል። ኢክሪፕትኤፍኤስ የሚባለውን ዘዴ የሚጠቀሙ ሳጥኖች ለስም የሚተዉት 143 ባይት ነው፤ በግዕዝ 47 ፊደል ይሆናል። «የ2016 ዓ.ም. የሦስተኛ ሩብ ዓመት የታጠበ ቡና ግዢ ማጠቃለያ ሪፖርት የተስተካከለ የመጨረሻ» የሚለው ስም እንደ «.xlsx» ያለ ቅጥያ ሲጨመርበት በዚያ አይገባም። ስም አሳጥሩ፣ ዝርዝሩን በፎልደር ከፋፍሉ። በሌላ በኩል ፎልደር ውስጥ ፎልደር ሲበዛ ዊንዶውስ በፋይሉ ሙሉ አድራሻ ላይ ከድሮ ጀምሮ የሚጥለው የ260 ፊደል ገደብ ይመጣል፤ ስለዚህ ወደ ታች ከሦስት አራት ደረጃ አትውረዱ።

ስሙ የገባ ሆኖ በጥያቄ ምልክት ብቻ ተሞልቶ ከታየ፣ በመሃል ያለው ፕሮግራም ዩኒኮድን፣ የግዕዝን ፊደላት ጭምር የያዘውን የፊደላት ኮድ፣ አያውቅም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያረጀ የኤፍቲፒ ወይም የዚፕ ፕሮግራም ነው፤ በአዲስ መተካት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

አራተኛ፦ ማን በየትኛው ፕሮቶኮል እንደሚነጋገር መዝግቡ

አሁን ወደ ሁለተኛው ችግር ደርሰናል። ኤስኤምቢ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአይቢኤም የተወለደ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስሪት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር፣ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር መጣ። የመጀመሪያው ስሪት አደገኛነት በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 የተነሳው ዋናክራይ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በኤስኤምቢ 1 ክፍተት ገብቶ፣ ማንም ምንም ሳይጫን፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ተዛመተ፤ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሥራ አስተጓጎለ። ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ያወጣው ከዚያ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ፣ መጋቢት 14 ቀን ነበር። ከዚያ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የወጡ የዊንዶውስ 10 እትሞች የኤስኤምቢ 1ን የሰርቨር ክፍል ሳይዙ ይጫናሉ። የተገልጋዩም ክፍል (ኮምፒውተሩን ከሌላ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው) ካለ፣ ማሽኑ በርቶ ለ15 ቀን ያህል ካልተጠቀመበት ዊንዶውስ ራሱ ያነሳዋል። «ባለፈው ወር ይሠራ ነበር» የሚለው አቤቱታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ከማጥፋታችሁ በፊት አሁንም በእሱ የሚጠቀመውን እወቁ። ሰርቨሩ ዊንዶውስ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ፓወርሼል የተባለውን የትዕዛዝ መስኮት በአስተዳዳሪነት ከፍታችሁ የኤስኤምቢ 1 አጠቃቀም ቁጥጥርን አብሩ። ከዚያ በኋላ በኤስኤምቢ 1 የሚመጣ እያንዳንዱ ማሽን በ«ኢቨንት ቪውወር» ውስጥ ይመዘገባል፦ «አፕሊኬሽንስ ኤንድ ሰርቪስስ ሎግስ»፣ «ማይክሮሶፍት»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ኤስኤምቢ ሰርቨር»፣ በመጨረሻም «ኦዲት»። የምትፈልጉት የክስተት ቁጥር 3000 ነው፤ የማሽኑን አድራሻ ይነግራችኋል። ሰርቨሩ ሳምባ ከሆነ «ኤስኤምቢ ስታተስ» የሚለው ትዕዛዝ በዚያ ሰዓት የተገናኙትን ከነፕሮቶኮላቸው ይዘረዝራል።

ቁጥጥሩን ለአንድ ሙሉ ወር ተዉት። አንድ ሳምንት አይበቃም፤ በወር መጨረሻ ብቻ የሚበራ የደመወዝ ኮምፒውተር፣ ወይም ናሙና ሲመጣ ብቻ የሚነሳ የላቦራቶሪ ማሽን ይኖራል።

አምስተኛ፦ ኤስኤምቢ 1ን አጥፉ

በወሩ ውስጥ ምንም ማሽን ካልተመዘገበ ሥራው አጭር ነው። «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» የሚለውን ክፈቱ፤ «ኤስኤምቢ 1.0» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጋችሁ ምልክቱን ከሥሩ ካሉት ጋር አንሱ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩ። በሰርቨሩም በሌሎቹ ኮምፒውተሮችም ላይ አድርጉት። በማከማቻ ሳጥን ላይ በፋይል አገልግሎት ቅንብር ውስጥ ዝቅተኛው ፕሮቶኮል ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ «ኤስኤምቢ 2» አድርጉት። ሳምባ ከስሪት 4.11 ጀምሮ ይህን በራሱ ያደርጋል፤ ሆኖም የድሮ ቅንብር ፋይል ይዞ የተሻሻለ ሰርቨር ውስጥ አሮጌው መስመር ተቀምጦ ሊቆይ ስለሚችል ፋይሉን ከፍታችሁ ተመልከቱ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣ አንድ ድንጋጤ አለ፦ «ኔትወርክ» የሚለው መስኮት ባዶ ይሆናል። ኮምፒውተሮቹ የጠፉ ይመስላል። ብዙ ሰው ኤስኤምቢ 1ን መልሶ የሚያበራው እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ የጠፋው ግን ዝርዝሩ ብቻ ነው። የስም ዝርዝሩን ያዘጋጅ የነበረው አሮጌ አገልግሎት ከኤስኤምቢ 1 ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው። ሰርቨሩ ላይ «ሰርቪስስ»ን ክፈቱና በ«ፈንክሽን ዲስከቨሪ» የሚጀምሩትን ሁለቱን አገልግሎቶች በራሳቸው እንዲነሱ አድርጉ፤ ዝርዝሩ ይመለሳል። ከሁሉ የሚሻለው ለሰርቨሩ ቋሚ አድራሻ ሰጥቶ የተጋራውን ፎልደር በየኮምፒውተሩ በድራይቭ ፊደል መትከል ነው፤ ያኔ ዝርዝሩ ኖረ አልኖረ ሠራተኛው አይቸገርም። በድራይቭ ፊደል ላይ ተመሥርተው የሚሠሩ እንደ ፒችትሪ ያሉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ካሏችሁ ፊደሉ በሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ይሁን።

ሌላው ድንጋጤ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ይመጣል። የዊንዶውስ 11 24ኤች2 የፕሮ እትም ያለ ይለፍ ቃል እንግዳ ሆኖ መግባትን ይከለክላል፤ እያንዳንዱ መልእክት በኤስኤምቢ ፊርማ እንዲረጋገጥም ያስገድዳል። «ለሁሉም ክፍት» ተብሎ የተጋራ ፎልደር በዚህ ኮምፒውተር አይከፈትም። መከላከያውን ከኮምፒውተሩ ላይ ማንሳት ይቻላል፤ አታንሱት። ሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መለያና የይለፍ ቃል ፍጠሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በዚያው ማን የቱን ፋይል እንደቀየረ ማወቅም ትጀምራላችሁ።

ስድስተኛ፦ እምቢ የሚሉትን ማሽኖች አንድ በአንድ ያዙ

ፎቶኮፒ ማሽን። ስካን ያደረገውን ወደ ፎልደር የሚልክ ትልቅ ፎቶኮፒ ማሽን በምዝገባው ላይ ቀድሞ የሚወጣው ነው። መጀመሪያ የአምራቹን የፈርምዌር (የማሽኑ የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ በማሻሻያ ብቻ ኤስኤምቢ 2 ይማራሉ። ካልሆነ ወደ ኢሜይል እንዲልክ አድርጉ፤ ጂሜል 25 ሜጋባይት ላይ ስለሚገታ በአንዴ የሚቃኘውን ገጽ አሳንሱ። ወደ ፍላሽ ማስቀመጥም አሳፋሪ አይደለም። ኤፍቲፒን መጠቀም ግድ ከሆነ የይለፍ ቃሉ በኔትወርኩ ላይ ሳይመሰጠር እንደሚያልፍ አውቃችሁ፣ ሌላ ቦታ የማይሠራ መለያ ለእሱ ብቻ ክፈቱ።

ራውተር ላይ የተሰካ ዲስክ። ከኤስኤምቢ 1 በላይ የማያውቁ ራውተሮች ብዙ ናቸው። ዲስኩን ነቅላችሁ ዘወትር በሚበራ ዴስክቶፕ ላይ አድርጉት። ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 20 ግንኙነት ነው፤ ለአነስተኛ ቢሮ ይበቃል፣ ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ ግን አይበቃም።

ዊንዶውስ 7። የድጋፍ ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 ቢያበቃም ኤስኤምቢ 2.1 ያውቃል። ለእሱ ተብሎ ኤስኤምቢ 1 አይበራም።

ዊንዶውስ ኤክስፒ። እውነተኛው ችግር ይህ ነው፤ ከኤስኤምቢ 1 ሌላ አያውቅም። ኤክስፒ በዚያ ፕሮቶኮል ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል መቅዳት ይችላል፤ ስለዚህ መጠንና ፕሮቶኮል አንድ አለመሆናቸውን እሱ ራሱ ይመሰክራል። ለቢሮ ሥራ የሚውል ከሆነ ጡረታ አውጡት። ከደም መመርመሪያ ወይም ከማተሚያ መሣሪያ ጋር የተጣመረ፣ የመሣሪያው ሶፍትዌርም በሌላ ላይ የማይሠራ ከሆነ ግን ማሽኑን ጣሉት ማለት ክሊኒኩን ዝጉ ማለት ነው። ለዚህ የሚከተለው ክፍል አለ።

ሰባተኛ፦ ለሚቀረው አንድ ማሽን ድልድይ ሥሩ

ድልድዩ በኤክስፒውና በዋናው ሰርቨር መሃል ቆሞ ፋይል የሚያቀብል ኮምፒውተር ነው። ለዚህ አንድ አሮጌ ግን ጤነኛ ኮምፒውተርና ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ያስፈልጋችኋል። ዴቢያን ሊኑክስና ሳምባ ጫኑበት። አንደኛው ካርድ ወደ ቢሮው ኔትወርክ፣ ሁለተኛው በቀጥታ ገመድ ወደ ኤክስፒው ይሂድ። ሁለቱ ካርዶች የተለያየ የአድራሻ ክልል ይኑራቸው፤ ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ፓኬት የሚያስተላልፈው ቅንብር ደግሞ መጥፋቱን አረጋግጡ። ኤክስፒው ላይ «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለውን ሳጥን ባዶ ተዉት፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት መንገድ አይኖረውም።

በሳምባ ቅንብር ፋይል ሳምባው በሁለተኛው ካርድ ብቻ እንዲያዳምጥ አድርጉ። ዝቅተኛው የሰርቨር ፕሮቶኮል በዚህ ማሽን ላይ ብቻ «ኤንቲ 1» ይሁን፤ የኤስኤምቢ 1 ስም በሳምባ ዘንድ ይህ ነው። አንድ ፎልደር ብቻ ለአንድ ተጠቃሚ ክፈቱ።

እዚህ ላይ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ኤክስፒው ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። ኤክስፒ በመነሻው የሚጠቀምበትን ደካማ የማረጋገጫ ዘዴ የዛሬው ሳምባ አይቀበልም። ሳምባውን አታላሉት፤ ኤክስፒውን አጥብቁት። በኤክስፒ ፕሮፌሽናል «አድሚኒስትሬቲቭ ቱልስ» ውስጥ «ሎካል ሴኩሪቲ ፖሊሲ»ን ክፈቱ፤ «ሎካል ፖሊሲስ»፣ ከዚያ «ሴኩሪቲ ኦፕሽንስ» ውስጥ «ላን ማናጀር ኦተንቲኬሽን ሌቭል» የሚለውን ፈልጉና ኤንቲኤልኤም ስሪት 2 ብቻ እንዲልክ የሚያዘውን ምረጡ።

ቀጥሎ ድልድዩ በየአምስት ወይም አሥር ደቂቃው ፎልደሩን እያየ፣ የመጣውን ወደ ዋናው ሰርቨር በኤስኤምቢ 3 እንዲያደርስ የሰዓት ሥራ አዘጋጁለት። ሁለት ነገር አትዘንጉ። ባለፉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የተቀየረ ፋይል አይወሰድ፤ መሣሪያው ገና እየጻፈው ሊሆን ይችላል። ዋናው ሰርቨር ላይ መድረሱ በመጠኑ ሳይረጋገጥ ደግሞ ከድልድዩ አይሰረዝ። የታካሚ ውጤት ከሆነ ይህን ማረጋገጫ ሳያልፍ ሥራ አታስጀምሩ።

ዋናው ሰርቨር አሮጌውን ማሽን ፈጽሞ አያውቀውም። ኤክስፒው ቢያዝ እንኳ ቫይረሱ የሚያገኘው ያችን አንድ ፎልደር ነው። እግረ መንገዳችሁን ራውተሩ ላይ 445 እና ከ137 እስከ 139 ያሉት በሮች ከኢንተርኔት በኩል ዝግ መሆናቸውን ተመልከቱ። ከቤት ሆኖ ፋይል መክፈት የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ካለ በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ይግባ።

ስምንተኛ፦ እንደገና ፈትኑ፣ ጻፉም

አራቱን የሙከራ ፋይሎች ከእያንዳንዱ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩም ወደ ኮምፒውተሩ ቅዱ። 4200ው ከሁሉም ማለፍ አለበት። አንድ ረጅም የአማርኛ ስም ያለው ፋይልም ጨምሩበት። ለረጅም ቅጂ ከተለመደው መጎተት ይልቅ በዊንዶውስ ሮቦኮፒን፣ በሊኑክስ አርሲንክን ተጠቀሙ፤ ሁለቱም በትክክል ከታዘዙ መብራት ሲመለስ ከተቋረጠበት መቀጠል ይችላሉ።

ከዚያ በአንድ ገጽ ላይ እነዚህን አስፍሩ፦ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የእያንዳንዱን ዲስክ ፎርማት፣ የተፈቀደውን ዝቅተኛ ፕሮቶኮል፣ ድልድዩ የቱን ማሽን እንደሚያገለግልና ያ ማሽን መቼ እንደሚተካ። የይለፍ ቃሎቹ በሌላ ወረቀት ተጽፈው ቢሮው ኃላፊ ዘንድ ይቆለፉ። ገጹን ሰርቨሩ ሳጥን ላይ ለጥፉት፤ አዲስ ፎቶኮፒ ማሽን ወይም ኮምፒውተር ሊገዛ ሲታሰብ ሻጩን «ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 ይደግፋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከእሱ ያነብባል።